ባልዋሉበት ፉከራ

ነገሩ የተነሳው ከአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ባለፈው ረመዷን፣ ለመግሪብ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው፣ የ19 ዓመቷ ልጄ ከቦኖ ሁለት ጀሪካን ውሃ ይዛ ገባች። ሦስተኛው ደጅ ላይ ቀርቷል። ታናሽ ወንድሟ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የሞባይሉን ማዳመጫ በጆሮው ሰክቶ ራሱን ይወዘውዛል። «ያንን አስገባልኝ» አለችው። ቀና ብሎ አየት አደረጋትና አንዲት ቃል ጣል አድርጎ ወደ ሙዚቃው ተመለሰ።

እኔ እዚያው ነበርኩ። ቃሏን ብሰማትም ትርጉሟን አላውቃትም። ልጄ ግን ታውቃታለች፤ በእንግሊዝኛ ከእርሱ ትበልጣለች። ለጥቂት ጊዜ ቆማ ቀረችና ጀሪካኑን ራሷ አስገባች። ያን ዕለት ስናፈጥር አንድም ነገር አልተናገረችም። ማታ ከተራዊህ ስመለስ እናቷ ነገረችኝ። ቃሉ ሴት ውሻ ማለት ነው። ሂፕ ሆፕ በሚባለው የአሜሪካኖች ሙዚቃ ውስጥ ግን ለሴት ሁሉ፣ ለወዳጅም ለጠላትም፣ እንደ መጠሪያ ይሰጣል።

ልጁን ጠርቼ ጠየቅሁት። አልካደም። «አባ፣ ዘፈን ውስጥ ያለ ቃል ነው እኮ» አለኝ። «ሁሉም ይለዋል። ምንም ማለት አይደለም።»

ሞባይሉን ነጠቅሁት። ብዙ ወላጅ እንደሚያደርገው ነገሩ በዚያ ያለቀ መሰለኝ።

ስለ ዘፈንና ስለ ዘፈን መሣሪያ ዑለማዎቻችን የተናገሩትን እዚህ መድገም አልፈልግም፤ አንባቢያን በሚገባ ያውቁታል። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ይህ ልጅ ሰላቱን የሚሰግድ፣ ቁርኣን የቀራ፣ እናቱን የሚያከብር ልጅ ነው። ከዘፈኑ ውስጥ የወሰደው ዜማ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላሳሰበኝ ነበር። የወሰደው ስለ ወንድነት የሚነገር ትምህርት ነው። ወንድ ማን ነው? በምንስ ይታወቃል? በ16 ዓመት ዕድሜ ከዚህ የበለጠ የሚያስጨንቅ ጥያቄ የለም፤ መልስ የሚሰጠውን ሰው ደግሞ ልጁ ሳይመርጥ ይከተላል።

ከዒድ በኋላ ጉደር የዘመድ ሠርግ ነበረን። ምሳ ተበልቶ ዱዓእ ከተደረገ በኋላ ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ እየተነሱ ጌረርሳ ማሰማት ጀመሩ። ጌረርሳ በኦሮሞ ዘንድ ጀግና ራሱንና ዘሩን የሚያወድስበት ነው፤ በአማርኛ ፉከራና ቀረርቶ ከምንለው ጋር ይቀራረባል። እኔም ደሜ ሞቀና ዱላዬን ይዤ ተነሳሁ። የጎሽ ገዳይ የልጅ ልጅ መሆኔን፣ ቤታችን ፈሪ እንደማይወልድ አስታወቅሁ። ተጨበጨበልኝ።

ማታ በመኪና ወደ አምቦ ስንመለስ ልጄ ከኋላ ወንበር «አባ» አለኝ። «አንተ ጎሽ ገድለህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ እንደዚያ ለምን አልክ?»

«የሚባል ነገር ነው፣ ምንም ማለት አይደለም» ልለው አፌን ከፈትኩ። ከዚያም የማን ቃል እንደሆነ ትዝ አለኝና ዝም አልኩ።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ ነው ነገሩን ማጥናት የጀመርኩት። ጌረርሳ በጥንቱ ሥርዓት ማንም ተነስቶ የሚያሰማው አልነበረም። አንበሳ፣ ዝሆን ወይም ጎሽ የጣለ፣ አለዚያም ጦር ሜዳ የዋለ ሰው ነበር መብቱ ያለው። ፎካሪው ሲነሳ የዋለበትን ቦታ የሚያውቁ ሰዎች ፊት ለፊቱ ተቀምጠዋል፤ ቢዋሽ እዚያው ያፍራል። ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ የኦሮሞን ሥነ ቃል ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1922 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የእንዲህ ያሉ ጦረኞች ዘፈን ብዙ ነው። መቼም የዚያ ሥርዓት ሁሉ ነገር ያማረ ነበር ማለቴ አይደለም። ለስም ሲባል ሰው የተገደለበት ጊዜ ነበር፤ ይህ በዲናችን ዘንድ ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ነገር ግን አንድ ነገር ነበረው። ቃል ከሥራ በኋላ ይመጣ ነበር።

አውሬው ሲያልቅና ዘመኑ ሲለወጥ ጌረርሳ አልሞተም። የድህነት፣ የስደትና የእስር ብሶት መናገሪያ ሆነ። ለዚህ እኛ አምቦዎች ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ሃጫሉ ሁንዴሳ የዚህ ከተማ ልጅ ነው። በ17 ዓመቱ ታስሮ አምስት ዓመት በወህኒ ቆየ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ለወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ዘፈኖችን የደረሰውም እዚያው ነው። በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሚሌኒየም አዳራሽ ለተፈናቃዮች በተዘጋጀው ዝግጅት ላይ ሕዝብ በቆመበት ጌረርሳውን አሰምቷል። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በጥይት ተገደለ፤ የተቀበረውም እዚሁ አምቦ ነው። በሃይማኖት አንድ አልነበርንም። ሆኖም ልብ ብዬ ስመለከተው የዚያ ወጣት ወንድነት የቆመው በሴት መዋረድ ላይ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው «ማላን ጅራ» ርዕሱ ራሱ ምን መኖር አለኝ ብሎ የሚጠይቅ ነው። ወንድ ልጅ መጉዳቱን በአደባባይ ተናገረ፤ ማንም ግን ፈሪ አላለውም።

እንግዲህ ወደ ልጄ ዘፈን እንምጣ። እኔ ሂፕ ሆፕን ከሰይጣን ጉያ የወጣ አድርጌ ነበር የማስበው። ታሪኩን ሳየው ግን ያገኘሁት ሌላ ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ ብሮንክስ የሚባል የድሆች ሰፈር አለ። አውራ ጎዳና መሐል ለመሐል ሰንጥቆት አልፏል፤ በ1970ዎቹ ፋብሪካዎች ተዘግተው፣ ሕንፃዎች እየተቃጠሉ፣ ጥቁሮችና ከካሪቢያን የመጡ ስደተኞች ሥራ አጥተው ይኖሩበት ነበር። እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1973 ከጃማይካ የመጣ ቤተሰብ ልጅ፣ ኩል ሄርክ በሚል ስም የሚታወቅ የ18 ዓመት ወጣት፣ በሚኖሩበት ሕንፃ ውስጥ ለአንድ ድግስ ሸክላ አጫወተ። የሂፕ ሆፕ ልደት ተብሎ የሚቆጠረው ይህ ነው። ድግሱን ያዘጋጀችው ግን እህቱ ናት። የትምህርት ቤት ልብስ መግዣ ገንዘብ ፈልጋ ነበር። ይህን ሳነብ ጀሪካን የያዘችው ልጄ ትዝ አለችኝ።

ሥራ ያጣ፣ ፖሊስ የሚያሳድደው፣ ሀገሩ ሰው ብሎ ያልቆጠረው ወጣት ማይክ ሲይዝ ምን ይላል? «እኔ አለሁ፣ እኔ አንበሳ ነኝ» ይላል። እኛ ሙስሊሞች ይህን ከማንም በፊት ልናውቀው ይገባ ነበር። ከኢስላም በፊት የነበሩት የዐረብ ገጣሚዎች ሥራ ምን ነበርና? በራስና በጎሣ መመካት፣ ጠላትን መዝለፍ ነበር። ከእነርሱም አንዱ ዐንተራ ኢብን ሸዳድ እናቱ ዘቢባ የምትባል የሐበሻ ባሪያ ነበረች። አባቱ ዐረብ ቢሆንም ልጁን ከባሪያዎቹ ቆጠረው። እንደሚተረከው ጠላት በመጣ ቀን አባቱ ተዋጋ ሲለው፣ ባሪያ ግመል ማለብ እንጂ መዋጋት አያውቅም ብሎ መለሰለት። አባቱም ነጻ ነህ፣ ተዋጋ አለው። ተዋጋ፤ ስሙም ከዐረብ ታላላቅ ገጣሚዎች መሐል ገባ። የጥቁሯ ሐበሻ ልጅ ወንድነቱን ደጋግሞ የተናገረው ስለተከለከለው ነው። ያልተከለከለ ሰው ያን ያህል አይጮኽም።

ይህን ያልኩት ለልጄ ዘፈን ጥብቅና ለመቆም አይደለም። የምጠይቀው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ሰውነቱን የተነፈገ ወንድ ሰውነቱን ለማስመለስ የማንን ሰውነት ይወስዳል?

የሂፕ ሆፕ ስም እየገነነ ገንዘብ ሲገባበት የተከተለው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ቱፓክ ሻኩር የሚባለው ስመ ጥር ዘፋኝ ባላንጣውን ለማዋረድ ባወጣው ዘፈን ውስጥ መሣሪያው የሰውየው ሚስት ነበረች፤ ከእርሷ ጋር ነውር ፈጽሜአለሁ ብሎ ለዓለም አሰማ። ያቺ ሴት ከጠባቸው ምን አላት? በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ቱፓክ በ25 ዓመቱ በጥይት ተገደለ። ስድስት ወር ሳይሞላ ባላንጣው ኖቶሪየስ ቢ.አይ.ጂ. በ24 ዓመቱ ተከተለው። ሁለቱም እንደዚያ የፎከሩለትን ዕድሜ አላዩትም። ይህም ቢሆን አዲስ ነገር አይደለም፤ በጃሂሊያ ዘመንም ሰው የሚሰደበው በእናቱና በእህቱ ነበር። አቡ ዘር (ረ.ዐ) አንድን ሰው በእናቱ ሰደበ። በአንዳንድ ዘገባ ሰውየው ቢላል ነው፤ እናቱም ሐበሻ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ የነገሩት ጃሂሊያ ገና ከውስጡ እንዳልወጣ ነው። ልብ በሉ፤ አቡ ዘር ከመጀመሪያዎቹ ሰለምቴዎች አንዱ ነው። ኢማን በገባበት ልብ ውስጥም ያ ነገር ጥግ ይዞ ሊቀመጥ ይችላል ማለት ነው።

ከውስጣቸው የተቃወሙም አልጠፉም። ኩዊን ላቲፋ የምትባለዋ ዘፋኝ እ.ኤ.አ. በ1993 ልጄ የተናገራትን ቃል ጭምር ነቅሳ ማንን ነው እንዲህ የምትሉት ብላ ወንዶቹን የሞገተችበትን ዘፈን አወጣች፤ በ1995 ግራሚ የሚባለውን ሽልማት አግኝታበታለች። ለጢፋ የሚለውን ስም በልጅነቷ ከዐረብኛ ስሞች መጽሐፍ ውስጥ የመረጠችው ናት። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ሞስ ዴፍ፣ ዛሬ ያሲን ቤይ የሚባለው ሙስሊም፣ አልበሙን በቢስሚላህ ከፍቷል። ስለዚህ ሙዚቃው ሁሉ አንድ ነው ማለት አይቻልም። ልጄ ግን ከዚህ ሁሉ መሐል የመረጠው የትኛውን እንደሆነ አይተናል።

ቁርኣን በሱረቱ ሹዐራእ መጨረሻ ላይ ገጣሚዎችን ሲነቅፍ ከሚያነሳው ነገር አንዱ የማይሠሩትን የሚናገሩ መሆናቸው ነው። ከዚያም አማኞችን፣ በጎ ሠሪዎችንና ከተበደሉ በኋላ የተከላከሉትን ለይቶ ያወጣቸዋል። ይህን አንቀጽ ስንት ጊዜ ቀርቼዋለሁ! በጉደሩ ሠርግ ላይ ግን የማይሠሩትን ከሚናገሩት ወገን መሆኔን ልጄ እስኪጠይቀኝ ድረስ አላስተዋልኩም። የኡሑድ ዕለት አቡ ዱጃና (ረ.ዐ) ቀይ ጨርቅ በራሱ አስሮ በጦር ሰልፍ መሐል ሲንጎራደድ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አላህ ይህን አረማመድ የሚጠላው እንደሆነ፣ እንዲህ ባለው ቦታ ሲሆን ግን የተለየ እንደሆነ መናገራቸው በሲራ ተዘግቧል። አቡ ዱጃና ሰይፍ ፊት ነበረ። ልጄ በረንዳ ላይ ነበር። እኔ ደግሞ የሠርግ ዳስ ውስጥ።

ባለቤቴ በዚህ ነገር ሙሉ በሙሉ አልተስማማችኝም። «አንተ ልጁን ልታለሳልሰው ነው የምትፈልገው» አለችኝ። «በዚህ ከተማ ለስላሳ ልጅ የት ይደርሳል?» ቀላል ንግግር አይደለም። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. በአምቦ ወጣቶች ሲሞቱ ያየች እናት ናት፤ በኅዳር 2008 ከጊንጪ የተነሳው እንቅስቃሴ ወደየከተማው ሲዛመት ስንቱ እንደታሰረ ታውቃለች። በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ደግሞ እኛ ሙስሊሞች ጥቂቶች ነን፤ ጥቂት የሆነ ሰው ልጁ አንገቱን እንዲደፋ አይሻም። ሐቅ አላት። ልጁ ደፋር እንዲሆን እኔም እፈልጋለሁ። ነገር ግን ያ ቃል የተወረወረው በወታደር ላይ አይደለም፤ በሰፈር ጉልቤ ላይም አይደለም። ውሃ ተሸክማ በመጣች እህቱ ላይ ነው። ድፍረት አደጋን ይጠይቃል። እህቱ ምን ታደርገዋለች?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ደካማ ሰው እንዳልነበሩ ሁላችንም እናውቃለን፤ በትግል የሚታወቀውን ሩካናን ታግለው እንደጣሉት ተዘግቧል። እንዲህ ያሉት ነቢይ ናቸው እንግዲህ ኃይለኛ የሚባለው ታጋይ ሳይሆን ሲቆጣ ራሱን የሚገዛ ነው ሲሉ ያስተማሩት። ቤታቸው ውስጥ ምን ይሠሩ ነበር ተብላ የተጠየቀችው ዓኢሻ (ረ.ዐ) ደግሞ ቤተሰባቸውን በሥራ ያገለግሉ እንደነበር፣ የሰላት ጊዜ ሲደርስም እንደሚወጡ ተናግራለች። ጫማቸውን ይጠግኑ፣ ልብሳቸውን ይሰፉ እንደነበርም ተላልፏል። ይህን በኹጥባ እንሰማለን፣ በማውሊድ እንሰማለን፤ ሰምተንም «ሱብሃነላህ» ብለን እንነሳለን። ከዚያ ቤት ገብተን እጃችንን የምንታጠብበት ውሃ እስኪቀርብልን ቁጭ እንላለን።

እዚህ ላይ ነው ራሴን ያገኘሁት። ያን ቀን ሦስቱም ጀሪካን ሲመጣ እኔስ የት ነበርኩ? ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ ነበር። ልጄ ለ16 ዓመት ያየው ይህንኑ ነው፤ ሴት ትሸከማለች፣ ወንድ ይቀመጣል፣ ሲጠራ ይቆጣል። ከአሜሪካ የመጣው ስድብ ነው እንጂ ስድቡ የተቀመጠበት ወንበር እኛው ቤት የተሠራ ነው። ዘፈኑን ብነጥቀው ወንበሩ ባዶ ሆኖ ይቆየዋል፤ ነገ ሌላ ይቀመጥበታል። ይህን ስል በቤት ውስጥ የአባትና የእናት ኃላፊነት አንድ ነው እያልኩ አይደለም። የቤተሰብ ቀለብ በወንድ ላይ የተጣለ ግዴታ ነው፤ ቀዋማነት ማለትም መቆም ነው፣ ኃላፊነት ተሸክሞ መቆም። እኛ ግን የቆመበትን ትተን የተቀመጠበትን አስተማርን።

አንድ ቀን ሞባይሉን መለስኩለትና አጠገቤ አስቀመጥኩት። «የምትወደውን አንዱን ዘፈን ክፈትና እየተረጎምክ ንገረኝ» አልኩት። ከፈተ። የመጀመሪያዎቹን ስንኞች እንደምንም ብሎ ተረጎመ፤ ስለ ሰፈሩ፣ ስለ እናቱ ድካም የሚናገር ነበር፤ እውነት ለመናገር ልብ ይነካል። ከዚያ ዝም አለ። ፊቱ ቀላ።

«ቀጥል እንጂ።»

«አባ፣ ይሄ ለአንተ አይነገርም።»

«ለእህትህ እንዴት ተነገረ?»

አልመለሰልኝም። እኔም አልደገምኩትም። ሰው በቁም ነገር ሳይቆጥር በሚናገራት አንዲት ቃል ወደ እሳት ሊወርድ እንደሚችል የሚያስጠነቅቀውን ሐዲስ ልነግረው አስቤ ነበር፤ ሐዲሱን ያኔ ለእርሱ ብነግረው ለራሴ ሳልነግር የማልፍ መሰለኝና ተውኩት። እህቱን ይቅርታ ጠይቅ ብዬም አላዘዝኩትም፤ በትእዛዝ የሚባል ይቅርታ ከዘፈኑ ቃል አይሻልም።

በማግስቱ ከፈጅር በኋላ ጀሪካኑን ይዤ ወደ ቦኖ ሄድኩ። ልጄ ሮጣ ደረሰችብኝ። ትደሰታለች ብዬ ነበር፤ ደነገጠች። «አባ፣ ተው፣ ሰው ያየናል» አለችኝ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሰው እንዳያየኝ ነበር በጠዋት የወጣሁት። ወረፋው ላይ ያሉት ሁሉ ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው፤ ቦታ ሊለቁልኝ ተነሱ፤ ተራዬን እጠብቃለሁ አልኳቸው። ከመስጊድ የሚመለሱ አንድ ሐጂ አዩኝና ቆሙ። «ምነው፣ ቤት ሰላም አይደለም እንዴ? ልጆቹ ታመሙ?» አሉኝ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናቸው» አልኳቸው። ጀሪካኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ሄዱ። ያን ዕለት ከቦኖው እስከ ቤቴ ያለው መንገድ ረዘመብኝ። ጎሽ ከገደለው አያቴ የጎደለኝ ነገር ቢኖር በሰው ዓይን መሐል ጀሪካን ይዞ የመሄድ ወኔ መሆኑን ያኔ አወቅሁ፤ እርሱም ቢሆን ያን ወኔ የነበረው አይመስለኝም።

አሁን አንድ ወር ሆኖኛል። ልጄ ማዳመጫውን አልተወም። ሁለት ጊዜ ግን ሳልጠራው ተነስቶ አብሮኝ ወርዷል። ሁለቱም ጊዜ ገና አልነጋም ነበር።